የሚራክልን ብሔር ከሻሽ ላይ ላነበቡልን ኃላፊ

ለክቡር የወረዳችን የሕፃናት ጉዳይ ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? ወንበርዎስ ደህና ነው? እኛ አቃቂዎች፣ አቧራው ይመስገን፣ እየሳልንም ቢሆን አለን። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ለአጻጻፌ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ በሕፃን ሚራክል ጉዳይ ያለኝን ምስጋና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. ከሁለት ዓመት በፊት ሚራክልን በአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጥር ሥር ተጥላ ያገኘኋት እኔ ነኝ። ብርድ ስለነበር ስልጤዋ ባለሱቅ ዘኪያ የራሷን ሻሽ አውልቃ ጠቀለለቻት። ይህንኑ ሦስት ጊዜ ቀርቤ ባስረዳም፣ ቢሮዎ ሻሹን ብቻ መርምሮ «ብሔር፦ ስልጤ» ብሎ ስለመዘገበ አድናቆቴ ወሰን የለውም። ሻሹ ጫፍ ላይ «ቻይና» የሚል ጽሑፍ አለበት፤ እሱን አለማየትዎ ልጅቷን ከረጅም መንገድ አድኗታል።

፪. አቤት ስንል ኮሚቴ ስለላኩልን እናመሰግናለን። ሦስቱም አባላት የበዓል በግ እንደሚገዛ ሰው አገጯን ይዘው አገላብጠው ካዩዋት በኋላ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ብሔር አገኙባት። ሳይስማሙ ሻይ ጠጥተው ሄዱ፤ መዝገቡም በሻሹ ጸና። ሻዩ የዳሲቱ ነበር።

፫. ዳሲቱ ማለት ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ለጠያቂዎች ቅቅል ድንች እየሸጠች ሚራክልን በጀርባዋ ያሳደገች ሴት ናት። ሽማግሌ ፊት ቆማ በጉዲፈቻ ልጄ ናት ብላለች፤ በእነሱ በኦሮሞዎቹ ወግ ደግሞ እንዲህ የገባ ልጅ ከየት መጣህ አይባልም። እርስዎ ግን ኦሮሞ ቤት ካደገች ማንነቷ ይጠፋል ብለው፣ ሰኞ መኪና ልከው ለማታውቃቸው የስልጤ ባልና ሚስት ሊያስረክቧት ወስነዋል። ስልጤዋ ዘኪያ እንኳ ከዳሲቱ አትለዩዋት ብላ ፈርማለች። ለማንነቷ እንዲህ መጨነቅዎ ደስ ይላል፤ ትኩሳት ሲይዛት የተጨነቀ ግን ከቢሮው አላየንም።

፬. አራተኛ የለኝም። ደብዳቤ ካጠረ አይነበብም ስላሉኝ ቁጥሩን ብቻ ጻፍኩት።

ክቡርነትዎ፣ ሰፈሩ ቀልደኛ ይለኛል። ትናንት ግን ዳሲቱ የልጅቷን ልብስ ፌስታል ውስጥ ከታ፣ መልሳ አውጥታ፣ እንደገና ስትከተው አይቼ የምቀልደው አጣሁ። ደከመኝ።

ጎንበስ ብዬ እጅ በመንሣት፣ ቀና የምልበትን ፈቃድ ከመዝገብ ቤትዎ የምጠባበቅ፣
ወንድዬ፣ ባጃጅ ነጂ
አቃቂ፣ ጥቅምት 2003 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ቅጹ ላይ «የእናት ስም፦ አይታወቅም» ተብሎ ተሞልቷል። ሚራክል አፏን ከፈታች ስድስት ወር አልፏታል፤ እሷን የጠየቀ የለም።