ብዕሩ መንገድ ላይ ነው

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ። ጠ. 3 ሰዓት።

መብራት የለም። ማተሚያ ቤቱ ጨለማ። ባነር የሚያትመው ማሽን አፉን ከፍቶ ቆሟል፤ እኔም እንደሱ። ዛሬም ለሱቁ ደወልሁ። ዛሬም ብዕሩ መንገድ ላይ ነው።

ወረቀት ላይ ስጽፍ አይተህ እንዳትኮራ፣ ደብተር። ከገዛሁህ ቀን ጀምሮ ሙሉ ነህ፤ ብልጫህ ያ ብቻ ነው። ያ ሱቁ ውስጥ ሲመረቅ ፊኛ የተነፋለት፣ ኬክ የተቆረሰለት አዲስ ታብሌት ግን ያለ ብዕሩና ያለ ኪቦርዱ መጣ። ሁለቱም ዋጋው ውስጥ አሉ። ሳጥኑ ውስጥ የሉም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የምረቃውን ባነር የሠራሁት እኔው መሆኔ። «ሙሉ ጥቅል! ከብዕርና ከኪቦርድ ጋር!» ፊደሉን ያደለብሁት እኔ። ብዕሩን የያዘውን እጅ ያሳመርሁት እኔ፣ ጥፍሩ ሳይቀር። ከዚያ የራሴን ባነር አንብቤ፣ አምኜ፣ ተሰልፌ ገዛሁ። እንዲህ ያለ ጅል ጣናን ዞረው ቢፈልጉ አይገኝም።

አቤል፣ የሱቁ ባለቤት፣ ስልክ ሲያነሳ ድምፁ ማር ነው። ችግሩ አ.አ. ካለው አከፋፋይ ነው ይላል። አከፋፋዩ ደግሞ ችግሩ ከፋብሪካው ነው አለ አሉ። ፋብሪካው ማንን እንደሚከስ እንጃ። ምናልባት እኔን።

መብራት መጣ። የሠርግ ባነር ይጠብቀኛል።

ኅዳር 5፣ ዓርብ። አመሻሽ።

የታንኳው ደንገል ገባ። አባባና አብዱ ከዘጌ ማዶ አጭደው በሞተር ጀልባ አስጎትተው አመጡት። ድሮ ከደጃችን ይታጨድ ነበር። አሁን ደጃችን ሆቴልና እንቦጭ ነው፤ ሁለቱም ሥር የላቸውም፣ ሁለቱም አይነቀሉም።

አባባ ታንኳ ሠሪ ናቸው። አባታቸውም፣ አያታቸውም። ይህችኛዋ የመጨረሻዬ ናት ብለዋል፤ ወገባቸው አልታዘዝ አላቸው። የምትሠራው ለአብዱ ነው፣ ለእናቴ ወንድም። ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ያለችው ታንኳ ውኃ ጠጥታ ጠጥታ ከብዳለች። ከአባባ በኋላ በሰፈራችን ደንገል የሚያስር የለም። ወንድ ልጅ አልወለዱም። እኔ አለሁ፣ የባነር ሠሪዋ። ስለዚህ በታብሌቱ ልስላቸው ነው፣ ከመጀመሪያው እስር እስከ መጨረሻው ቋጠሮ።

ፎቶ አንሺያቸው ይሉኛል። አንስቻለሁ። ፎቶ የሚያሳየው ጀርባቸውን ነው። ጎንበስ ብለው ስለሚያስሩ ማሰሪያው ልጥ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ከእጃቸው ሥር ተደብቆ ይቀራል። ታብሌቱ ግን የሳልሁትን መስመር በመስመር፣ በተራው፣ መልሶ ያሳያል። የትኛው ቋጠሮ የትኛውን እንደሚቀድም። በምረቃው ቀን በሱቁ ማሳያ ብዕር አንዲት ቋጠሮ ስዬ፣ መልሶ ሲስላት በስልኬ ቀርጬ ለአባባ አሳየኋቸው። አጎንብሰው አዩ። ድጋሚ አሉኝ። ድጋሚ። ድጋሚ።

ዛሬ ከጁምዓ ሲወጡ ለሰው ሁሉ ነግረዋል። ልጄ እጄን መስታወት ውስጥ ልታስቀምጠው ነው ብለው። ጎረቤታችን ሐጂ ኑሩ መስታወቱ ዓሣም ያጠምድ እንደሁ ጠየቁ። ሰው ሳቀ። አባባም ሳቁ። ቤት ሲገቡ ብዕሩ መቼ ነው አሉኝ። ሰኞ አልሁ። አቤል ሰኞ ብሏላ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ። ከ.ሰ. 11 ሰዓት።

ሰኞ ነው። ብዕር የለም።

ከሥራ ወጥቼ በባጃጅ ሄድሁ። ሱቁ ያምራል። መስታወቱ ሲወለወል ይውላል። አቤል ወንበር ሳበልኝ፣ ውኃ አስመጣልኝ። ብዕር የሌለው ሰው ውኃ ያበዛል። የማሳያው ብዕር ተሸጧል ብሎ የሌላ ታብሌት ብዕር አውጥቶ ለጊዜው በዚህ ሞክሪ አለኝ። ሞከርሁ። ታብሌቱ እንደማያውቁት እንግዳ ዝም አለው። በጣትሽስ አለ። በጣቴ! ጣቴ ከልጡ ይወፍራል። የሳልሁት ቋጠሮ ዶሮ የጫረችው መሰለ። አቤል ግን በጣም ያምራል አለ። ይህ ሰው ሬሳ አይቶ ጤናህ ተመለሰ የሚል ነው።

ለምን ገንዘቤን መልስ አላልሁትም? አልሁት። ሊመጣ ሲል ትተይዋለሽ ወይ አለኝ። ይኸው ነው ጥበባቸው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

አባባ በር ላይ ጠበቁኝ። ፊቴን አዩ። ሐይቁ ዳር ወርደው ደንገላቸውን አገላበጡ። አረንጓዴው እየለቀቀ ነው። ይጀምሩ እንጂ አልኋቸው፣ በግማሽ ልብ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አሉኝ። ደስ አለኝ። ደስ ማለቱን ለአንተ ብቻ ነው የምነግርህ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ።

ኪቦርዱ መጣ! እልል በል፣ ደብተር።

አይገጥምም።

የባለፈው ሞዴል ነው። ታብሌቱ ላይ ሲያርፍ የአባቱን ኮት የለበሰ ልጅ ይመስላል። የአማርኛ ፊደልም የለበትም። አቤልን ደወልሁለት። በላስቲክ ያዥው አለኝ፣ ሳይስቅ። ዓለምን ይቀይራል ተብሎ ንግግር የተደረገለት ዕቃ በፀጉር ላስቲክ ሊታሰር። ንግግሩን ያደረገው ሰውዬ ሙሉ ልብስ ለብሶ ነበር፤ እሱንም ከውስጥ በላስቲክ ይዘውት ይሆናል።

አባባ ኪቦርዱን ተቀብለው ገለባበጡት። ማያያዣውን በጥፍራቸው ነካክተው፣ ይህን ያሰረው ሰው ውኃ ላይ ወጥቶ አያውቅም አሉና መለሱልኝ። ለአከፋፋዩ የሚላክ አስተያየት ቢኖር ይኸው ነበር። የሚላክበት ስልክ ግን አይነሳም።

ብዕሩ? መንገድ ላይ ነው። ይህ መንገድ በጢስ ዓባይ በኩል ወርዶ ሱዳን ደርሶ የሚመለስ ሳይሆን አይቀርም።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ። ጠ. 1 ሰዓት።

አብዱ መጣ። አጎቴ ብዙ አይናገርም። ደንገሉ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ አንዱን አገዳ ጆሮው ሥር አድርጎ አጠፍ አጠፍ አደረገው። ደርሷል አለ።

ደንገል የሚታሰረው ላዩ ደርቆ ውስጡ ገና ትንሽ እርጥበት ሳለው ነው። ካለፈ የታንኳው አፍንጫ ቀና ብሎ አይታጠፍም። ይህን እኔ እንኳ አውቃለሁ፤ የሐይቁ ዳር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። አባባ ግን ብዕሩ ይምጣ አሉ።

«ጋሼ፣ ደንገል ብዕር ያውቃል እንዴ?» አለ አብዱ።

አባባ ተቆጡ። አንተ ዓሣህን አጥምድ አሉት። ከዚያ ሁለታችንን አስነሥተው ደንገሉን ከፀሐይ ወደ ሾላው ጥላ አስወሰዱን፣ እንዲቆይልን። ዕድሜ ልካቸውን ደንገል ሲያዛቸው የኖሩ ሰው፣ ዛሬ ደንገሉን ሊያዙት ፈለጉ። ለአቤል ሲሉ! አቤልን አይተውት አያውቁም።

ይጀምሩ ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። እነዚያ መስመሮች በተራቸው ሲወጡ ማየት እፈልጋለሁ፣ በጣም። አቤልን እየናቅሁ ከርሜ እኔም ይምጣ ይምጣ እያልሁ ነው።

ኅዳር 22፣ ሰኞ።

ዛሬ አቤል ራሱ ደወለ። ልቤ ዘለለ። ብዕሩ?

ባነር ነው የፈለገው። አዲስ ሞዴል ሊመጣ ነው፣ ከአሁኑ የቀጠነ። እኔ ገና የወፈረውን አልጨረስሁም። «ከብዕር ጋር» የሚለው ይጉላ አለኝ። አለቃዬ ሥራ ሥራ ነው አሉ። አጎላሁት። እንዲያውም ከታብሌቱ አስበልጬ አጎላሁት፣ ብዕሩ ብቻውን የሚሸጥ እስኪመስል። አቤል ግሩም ነው አለ። በንቀት የሠራሁትን ሲያመሰግነኝ ንቀቴ ራሱ ቀለለብኝ። የሚናቅ ሰው ቢያንስ መናቁን ማወቅ ነበረበት።

አባባ ዛሬ ስለ ብዕሩ ሁለቴ ጠየቁኝ። ደንገሉ በጥላውም እየነጣ ነው።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ። ረፋድ።

አብዱ ሰጠመ ብለው ጠሩኝ። ማ/ቤቱን ጥዬ ሮጥሁ።

አልሰጠመም። መረብ ሲስብ ታንኳዋ በኋላዋ ውኃው ውስጥ ተቀመጠች። ውኃ የጠጣ ደንገል እንዲያ ነው፤ አይገለበጥም፣ ቀስ ብሎ ከሥርህ ይሄዳል። ቱሪስት ይዞ ወደ ዘጌ የሚሻገር ጀልባ አይቶ አወጣው። መረቡ እዚያው ቀረ። ሚስቱ ከዳር ሆና ስትጮህ ድምፅዋ አልቋል።

አብዱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይንቀጠቀጣል። አባባ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱት። እኔን ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አቤል መልእክት ልኳል። መንገድ ላይ ነው። ከፈገግታ ምስል ጋር።

ኅዳር 26፣ ዓርብ።

አባባ ከሱብሒ ሶላት እንደተመለሱ ጀመሩ። ብዕር አላሉም። እኔም ታብሌቱን አላወጣሁም። ልጥ አቀበልሁ።

ወለሉ ታሰረ። ጎኖቹ ታሰሩ። ከጁምዓ በኋላ አፍንጫው ሲታጠፍ ለማየት ሰው አጅቧቸው መጣ፤ ሁልጊዜም ይመጣል፣ የታንኳ ደስታዋ ያች ናት። ገመዱን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሳቡ። ቀጭ አለ። አንድ አገዳ ነው ብዬ። ከዚያ ሁለተኛው። ከዚያ እስሩ በሙሉ። ውኃ ረጨን። እርጥብ ጆንያ አልብሰን አቆየነው። እንደገና ሳቡ። ላዩ ለስልሷል፣ ውስጡ ያው ገለባ። ለሁለት ተሰበረ።

በአባባ እጅ ደንገል ሲሰበር አይቼ አላውቅም። ሰፈሩም አያውቅም። ሐጂ ኑሩ እንኳ አልቀለዱም፤ መሬት መሬት አዩ። አባባ ስባሪውን ይዘው ቆዩና ቀና ብለው ጠየቁኝ።

«ዘሃራ፣ ብዕሩ መጣ?»

ለማሾፍ አይደለም። የምራቸውን ነው። አልመጣም አልሁ። አለቀስሁ፣ ደብተር፣ ሰው ፊት።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። የቀረውን ታውቀዋለህ።

ኅዳር 29፣ ሰኞ። ከ.ሰ.

ብዕሩ መጣ።

አቤል ራሱ ማ/ቤት ድረስ ይዞት መጣ፣ ሳጥኑ ላይ ሪባን አስሮ። ከኋላው ፎቶ አንሺ። ደስተኛ ደንበኛ ብሎ ገጻቸው ላይ ሊለጥፈኝ። ጉንጭሽ አጠገብ ያዥው፣ ፈገግ በይ። ስንት ቀን ያዘጋጀሁት ስድብ ነበረኝ። አንዱም አልመጣ አለኝ። አጎቴ ሊሰጥም ነበር አልሁት።

«ውይ፣ ታብሌቱን ውኃ ነካው እንዴ?» አለኝ።

ይኸው ነው አቤል። ይኸው ነው ሙሉ ጥቅሉ። ፎቶ አልተነሣሁም። ብዕሩን ግን ወሰድሁ፣ የገዛሁት ነው።

እውነቱን ልንገርህ፤ ጥሩ ብዕር ነው። እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ያወጣል። የሚያናድደው ይህ ነው። የማይረባ ቢሆን እገላገል ነበር።

ለአባባ ሰጠኋቸው። በመዳፋቸው መዘኑት። ቀላል ነው አሉ። አንድ መስመር አሰመሩ፣ ታብሌቱ መልሶ ሲያሰምረው አዩ። አንድ ጊዜ ብቻ። ድጋሚ አላሉም። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ።

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ። ንጋት 12 ሰዓት።

ወሰንሁ።

አብዱ ታንኳ ተውሶ ወደ ዘጌ ማዶ ሊሻገር ነው፤ ጥቂት ደንገል ቀርቷል አሉ። አብሬው ሄጄ አጭዳለሁ። ሲደርስ አስራለሁ፣ እኔ። አባባ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እየተቆጡ ይንገሩኝ። ትናንት ይህን ስላቸው ከፍራሻቸው ተነሡ፤ ለመከራከር ነው፣ ግን ተነሡ። ሴት ደንገል ስታስር በሰፈራችን ታይቶ አይታወቅም አሉ። ሰው ምን ይላል። ሰው የሚለውን ዓርብ ዕለት ብሎ ጨርሷል አልኋቸው። እጅሽ ይላጣል አሉ። ይላጥ። በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው፣ ብዕሩስ አሉኝ።

ይጠብቅ አልኋቸው። እኛ ጠብቀነው የለ።

ሳቁ። ከዓርብ ወዲህ የመጀመሪያቸው።

አለቃዬ ትናንት ማታ ደውለው የአቤል አዲሱ ባነር ኅትመት የት ደረሰ አሉኝ። መንገድ ላይ ነው አልሁ። ዘጋሁት።

አብዱ ከውኃው ዳር እየተጣራ ነው። አባባ በሩ ላይ ቆመው ማጭዱን እንዳትረሽ፣ ልጡን በቀኝ እጅሽ አትጀምሪ፣ መጀመሪያ በግራሽ ይዘሽ ከሥር… እያሉ ነው። መሄዴ ነው፣ ደብተር።