የአንገት አዝራር

ሚያዝያ 2 ቀን

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጽሕፈቱ የሌላ ሰው እንዳይመስልሽ፤ የእኔው ነው፣ በግራ እጄ። ቀኝ እጄ ከሕመሙ ወዲህ እንደ ልግመኛ ተማሪ ሆኗል፤ ክፍል ይገባል እንጂ ሥራ አይሠራም።

በስልክ ያልሽውን አልረሳሁም። «አባዬ፣ እስከ መጋቢት ሠላሳ ምድጃውን ራስህ ከለኮስክ፣ ደብዳቤ ከጻፍክ፣ ሸሚዝህን እስከ አንገትህ ከቆለፍክ እዚያው ቤትህ ትኖራለህ። ካልሆነ መጥቼ ወደ እኔ እወስድሃለሁ፤ ክርክር የለም» አልሽ። ተስማማሁ። ያኔ ከቤቴ የመውጣት ሐሳብ አልነበረኝም።

ለእያንዳንዱ ሥራ ቀን ቆረጥኩለት። የቆረጥኩትንም ቀን ምድር ቤት ላለው ልብስ ሰፊ ነገርኩት። ለራስ ብቻ የተነገረ ቀን ሳይታወቅ ይሸሻል፤ እሱ ጆሮ የገባ ግን ማምለጫ የለውም። በየጠዋቱ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል «እህሳ መምህር፣ ዛሬስ ክብሪቱ ታዘዘልህ?» ይለኛል። ምድጃው በጥር ተለኮሰ። በየካቲት ለጡረታ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ መልስ ስለመጣልኝ ተነቧል ማለት ነው።

የቀረው የሸሚዙ የአንገት አዝራር ነበር። የታችኞቹ እሺ ሲሉ እሱ እምቢ አለ። ዓይን ስለማያየው ሥራው በዳበሳ ነው። ቀኑ ሲቃረብ ልብስ ሰፊው አዘነልኝ።

«ቀዳዳውን ትንሽ ላስፋልህ። ማን ያውቃል?»

«እሱማ መኮረጅ ነው።»

«እንግዲያው ቀኑን ግፋው። ልጅህ ናት እንጂ ፈታኝህ አይደለችም።»

«የሚገፋ ቀን፣ ቀን አይባልም።»

«ተማሪዎችህን እግዜር ይካሳቸው» ብሎ ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

መጋቢት ሠላሳ መሸ፤ አዝራሩ አልገባም። ራቴን በልቼ ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ስለ ሌላ ነገር ሳስብ፣ ገባ። ፈትቼ ደገምኩት፤ አሁንም ገባ። ልብስ ሰፊው አንገቴን ሲያይ ተነሥቶ ጨበጠኝ። «በል ደውልላትና ቤቴን አልለቅም በላት» አለኝ።

አልደወልኩም። በማስተማር ዘመኔ ሁሉ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ የመጣ ወረቀት ተቀብዬ አላውቅም፤ ለራሴ ሲሆን ልቀበል አይገባኝም። ልብስ ሰፊው «አንተ ሰው፣ ደረቅ ነህ ወይስ ሌላ ነገር አለህ?» ብሎ ትክ ብሎ አየኝ። በሩ አጠገብ የቆመውን ሻንጣዬን አይቶታል። ከቁም ሣጥኑ ላይ ያወረድኩት ቀኑ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ነው፤ አቧራ ይዞ ስለነበር ነው።

ስለዚህ በስምምነታችን መሠረት መጥተሽ ውሰጂኝ። ሥራሽን አጣድፈሽ አትምጪ። ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ፣ የያዝሽውን ሁሉ ያሳካልሽ። የምትመጪበትን ቀን ግን ቆርጠሽ ጻፊልኝ፤ «በቅርቡ» የሚባል ቀን አላውቅም።

አባትሽ