በስሜ ተሰጥቶ እርስዎ ግቢ ስለቆመው ታንከር

ለተከበሩ ምዜ ያታኒ፣
የቡቲዬ ሰፈር «አረንጓዴ ቤት» ኮሚቴ ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤናና ሰላም እመኛለሁ። ግቢዎ ውስጥ ያለው ሣር በዚህ ድርቅ እንኳ እንደለመለመ በዓይኔ ስላየሁ፣ ስለ ደኅንነትዎ ብዙም አልሰጋም። እኔ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ሩዝና ቦሎቄ እያበሰልኩ የምተዳደረው ወርቅአየሁ ነኝ። በስሜ ባያስታውሱኝ በፎቶዬ ያውቁኛል፤ ቢሮዎ ግድግዳ ላይ ተሰቅያለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ትምህርትዎ አመሰግናለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ቤቴ ድረስ መጥተው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ በልጄ ስም ጠርተው «ማማ ሌንሳ፣ ገንዘብሽ እኮ በጭስ እየወጣ ነው» ሲሉኝ፣ ባሌ ከሞተ ወዲህ ስለ ኑሮዬ ተጨንቆ የመከረኝ ሰው ስላልነበረ፣ አባቴ የተናገረኝ ያህል ሰማሁዎት። ሦስት ጉልቻዬን ትቼ ጂኮ የሚሉትን ከሰል ቆጣቢ ምድጃ ገዛሁ፤ ለሳምንት የማይበቃው የማገዶ ገንዘብ ሁለት ሳምንት ተሻገረ። ቦሎቄውን ዘፍዝፌ ማሳደር ጀመርኩ። በዕቃ እጣቢ ጎመን አበቀልኩ። ከቆርቆሮዬ ጠርዝ አሸንዳ ዘርግቼ ዝናቡን በሁለት በርሜል አጠራቀምኩ። በተረፈኝ ገንዘብ ልጄን ሌንሳን ትምህርት ቤት መለስኳት። ምክርዎ እውነት ነበር፤ የሚያመኝም እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ እንግዶችዎ። አምና ከናይሮቢ የመጡትን ረጂዎች ይዘው ቤቴ ሲገቡ፣ «ይቺ ልጄ ማለት ናት» ብለው ትከሻዬን ይዘው ከበርሜሎቼ አጠገብ ፎቶ አስነሱኝ። ከዚያም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ሰጡኝ። ምን እንደሆነ ብጠይቅዎ «እንግዶቹን ለማስተናገድሽ ነው፣ ፈርሚ» አሉኝ። የሰጡኝ እርስዎ ስለሆኑ ሌንሳ እንድታነብልኝ እንኳ ሳልጠራት ፈረምኩ።

ሦስተኛ፣ ስለ ውሃው። ዘንድሮ ዝናቡ ቀርቶ በርሜሎቼ ሲደርቁ፣ እንደ ማንኛውም የሰፈሬ ሰው ጀሪካኖቼን ይዤ የውሃ ቦቴው የሚቆምበት ቦታ ተሰለፍኩ። ሾፌሩ ጋልማ ኮሚቴዎ የሰጠውን ዝርዝር ሁለት ጊዜ አየና፣ «ማማ ሌንሳ፣ አንቺ ተሰርዘሻል» አለኝ።

«ለምን?»

«አሥር ሺህ ሊትር የሚይዝ ታንከር ተሰጥቷታል ይላል። ፊርማሽም አለበት።»

ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አሥር ዓመት አብራኝ የኖረችው ጎረቤቴ ሃጂራ፣ «ታንከር ደብቀሽ ነው ከእኛ ጋር የምትሻሚው?» አለችኝ። ክቡር ሊቀመንበር፣ በዚያ ቀን ከውሃው ጥም ይልቅ ያቃጠለኝ የእሷ ዓይን ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን «አራተኛ» ብዬ መቁጠር ስላልቻልኩ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ሃጂራን «ነይ እንግዲህ፣ አብረን እንፈልገው» ብያት እርስዎ ቤት መጣን። አልነበሩም። ድንበር ተሻግራ ስትነግድ አማርኛ የለመደችው ባለቤትዎ ጄን ባዶ ጀሪካን ማየቷ በቃት፤ ሳንለምናት የታንከሩን ቧንቧ ከፈተችልን። ውሃው እየወረደ ሳለ ሃጂራ ታንከሩ ላይ የተለጠፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጮክ ብላ አንብባ ተረጎመችው፦ «ለወይዘሮ ወርቅአየሁ ቤተሰብ የተበረከተ።» ጄን እጇን ቧንቧው ላይ እንዳደረገች ደርቃ ቀረች። «ለጊዜው እዚህ ይቀመጥ ብሎኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። ጀሪካኑ ሞልቶ እግራችን ላይ ይፈስ ነበር፤ ማናችንም አልዘጋነውም። ስንመለስ ሃጂራ የራሷን ትታ የእኔን ጀሪካን ተሸከመችልኝ።

እርስዎም በማግሥቱ ደውለው፣ ግቢዬ ጠባብ ስለሆነ እርስዎ ጋ ቆመ እንጂ ታንከሩ በስሜ እንዳለ በትሕትና አስረድተውኛል። በስሜ መኖሩን ከቶ አልካድኩም። ችግሩ እኔና ልጄ የምንጠማው ቡቲዬ ላይ እንጂ ወረቀት ላይ አለመሆኑ ነው።

ስለዚህ ታንከሩን ለእኔ አይስጡኝ። ቦቴው የሚቆምበት ቦታ ይተከልና ሰፈሩ ሁሉ ይጠጣበት። ስሜንም ወደ ዝርዝሩ ይመልሱልኝ። ሁለቱም ቀላል ነው። እንደ አባት አምኜ የሰማሁትን ሰው ግን ይመልሱልኝ ብዬ አላስቸግርዎትም፤ እሱ የት እንዳለ እርስዎም የሚያውቁ አይመስለኝም።

በታላቅ አክብሮት፣
የምክርዎ ተጠቃሚ፣ የግድግዳዎ ጌጥ፣ ከእንግዲህም ሳታስነብብ የማትፈርመው
ወርቅአየሁ፤ ቡቲዬ፣ ሞያሌ

ማሳሰቢያ፦ ለናይሮቢ እንግዶችዎ እንዲደርስ ይህን ደብዳቤ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችልኝ ባለቤትዎ ጄን ናት። «ለጊዜው» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ብዙ ቆይታ ሰረዘችውና በምትኩ ሌላ ቃል ጻፈች። ምን ብላ እንደጻፈች እኔ አልጠየቅኋትም፤ እርስዎ ቤት ሲገቡ ይጠይቋት።