ዳገቱ ላይ አትጠብቂኝ

ሲና፣

ዛሬ ቀድሜሽ ወጥቻለሁ። ያልቀሰቀስኩሽ ረስቼ አይደለም።

ውሃ መጥቷል፤ ሳይሄድ ጀሪካኖቹን ሙዪ። ስትወጪ ቁልፉን አከራያችን እትዬ ንግሥት ጋ ተዪው፣ እኔ የራሴን አልያዝኩም።

ልምምድ በወጣን ቁጥር ከእጽዋት ማዕከሉ በላይ ያለውን ዳገት ቀድመሽኝ ትጨርሺና ቆመሽ እያጨበጨብሽ «አይዞሽ ቤዚ፣ ደረስሽ!» ትያለሽ። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። እኔ እንደምንም ስደርስ አንቺ አርፈሽ ጨርሰሻል፤ ትንፋሼን ሳልሰበስብ «በይ እንሂድ» ትይኛለሽ። እኔስ መቼ ነው የማርፈው?

የእሁዱን ውድድር ላላነሳው ነበር። አሥር ኪሎ ሜትሩን ከአርባ አምስት ደቂቃ በታች ካልገባሁ ስትዪ ነው ዓመቱን ሙሉ የከረምሽው። እኔ ጎኔን ወግቶኝ መራመድ ስጀምር ግን ተመልሰሽ መጣሽ። ማን ተመለሺ አለሽ? እጄን ይዘሽ እየሳቅሽ አስገባሽኝ። ፎቶው ላይ እኔ ተኮሳትሬያለሁ፣ አንቺ ትስቂያለሽ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰዓትሽ ትንፍሽ አላልሽም። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

ምስር ወጡ ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቂና ብዪ። ጨው በዝቶበታል፤ ምንም እንዳትዪ።

ጫማሽን አጥቤ መስኮቱ ላይ አስጥቼልሻለሁ። ደርቋል።

ይሄን አንብበሽም ከኋላዬ መምጣትሽ እንደማይቀር አውቃለሁ። ነይ። ግን ከደረስሽብኝ እንዳትቆሚ፣ እንዳታጨበጭቢ፣ ዞረሽም እንዳታዪኝ።

አንድ ጊዜ እንኳን አልፈሽኝ ሂጂ።

ቤዛዊት