ከትልቁ መጋዝ ላይ የጠፋው ዝገት

ኅዳር 12 ቀን

ለልጄ፣

በድለሽኛል። እኔ ዓይኔን ታስሬ ሐኪም ቤት ተኝቼ ሳለ የዕቃ ሣጥኔን ከፍተሽ የትልቁን መጋዝ ዝገት አጥፍተሻል። ሰላምታ እንደሚቀድም አላጣሁትም። ሆዴ ውስጥ ያለውን ሳላወጣ ደኅና ነሽ ወይ ብልሽ ግን ውሸት ይሆንብኛል። አሁን ወጣልኝ። ደኅና ነሽ ወይ? ልጆቹስ? የታናሿ ሳል ለቀቃት?

እኔ ደኅና ነኝ። ፋሻው ከተፈታ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ግራ ዓይኔ የምስማር ጫፍ ይለያል። ሐኪሙ "አንድ ወር እንጨት እንዳይነኩ፣ ብናኝ ጠላትዎ ነው" ብሎኛል። እሺ አልኩት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

ትናንት ጠዋት ሥራ ቤቱን ከፍቼ ገባሁ። ሣጥኑን ስከፍት መሮዎቹ አንድ በአንድ በጨርቅ ተጠቅልለዋል፤ የመላጊያው ምላጭ ያብረቀርቃል። መጀመሪያ ሐኪሙ ዓይኔን ከሚገባው በላይ የሠራው መስሎኝ ነበር። ከዚያ ክዳኑን ቀና ሳደርግ በውስጡ በኩል የተሰቀለውን ትልቁን መጋዝ አየሁ። መስታወት ሆኗል። የራሴን ፊት አየሁበት። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት በር ላይ ቆማ ያገኘችኝ።

"አባባ፣ ምነው ፊትዎ አመድ መሰለ?"

"ሣጥኔን ማን ነካው?"

"ልጅዎ ናታ። ሌላ ማን ይደፍራል?"

"ቁልፉን ማን ሰጣት?"

"እኔ። እኔ ዘንድ ያስቀመጡት ለክፉ ቀን አይደል?"

"ክፉ ቀን መጥቶ ነበር?"

"እርስዎ ሐኪም ቤት፣ እሷ ከሩቅ አገር መጥታ ብቻዋን እዚህ። ከዚህ የባሰ ካለ ይንገሩኝ።"

የዚህች ሴት አፍ ከመቀሷ ይበልጥ ይቆርጣል። ሦስት ቀን ሙሉ ክንድሽ እስኪዝል እንደፈገፈግሽ ነገረችኝ። "ድንገት ሲያየው ደስ ይለዋል" ብለሽ አፏን አስይዘሻታል። መጋዙን ስታዪ ደግሞ አልቅሰሻል አሉ። "አባቴ ደክሟል ማለት ነው፤ እሱ ዝገት ከሚያይ እባብ ቢያይ ይመርጥ ነበር" ብለሻታል። "ዕቃውን ሸጦ እኔ ጋ ቢመጣ ይሻለዋል" ማለትሽንም ሰምቻለሁ። አልሸጥም። አልመጣምም።

አልደከምኩም። ይህን ልብ በይ። በመሮዎቹ ላይ ያገኘሽው ዝገት ሐኪም ቤት የከረምኩበት ወር ነው፤ እሱን አልከራከርሽም። የመጋዙ ግን ሌላ ነው።

ሥራሽን በመስኮቱ ብርሃን መርምሬዋለሁ። በላምባ ነክረሽ አሳድረሻል። በላመ ብርጭቆ ወረቀት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሄደሻል፤ ክብ አላዞርሽም። በጥርሶቹ መሃል ያለውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አውጥተሻል። በደረቅ ጨርቅ ጠርገሽ፣ ዘይት ቀብተሽ፣ የተረፈውን ዘይት መልሰሽ አንሥተሻል፤ የተረፈ ዘይት ብናኝ ይስባል፣ ብናኝ ደግሞ እርጥበት ያቅፋል። ይህን ሁሉ በዘጠኝ ዓመትሽ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ዝገት ሲሄድ ጠባሳ ይተዋልና እሱን እንኳ ፈለግሁ። መጋዙን ወደ ግራ አዘነበልኩት፣ ወደ ቀኝ አዘነበልኩት። ምንም የለም። ሥራሽ እንከን የለውም፤ የገደለኝም እሱ ነው። ፊደሉ ቢጣመም ዓይኑ ነው አትበዪ።

ለማንም ያልተናገርኩትን እነግርሻለሁ።

የእናትሽ እጅ ጨው ነበር። ብረት ከነካች በነጋታው ቡናማ የጣት ምልክት ይወጣበታል። ሠላሳ አንድ ዓመት "እጀታውን ያዢ፣ ብረቱን አትንኪ" አልኳት። "የአንተስ እጀታ በየት በኩል ነው?" ትለኝ ነበር።

በመጨረሻዋ ክረምት እኔ ከከተማ ውጭ የሰው ጣሪያ ስመታ የራሴ ሥራ ቤት ጣሪያ አፈሰሰ። ሣጥኑ አልነሣ ቢላት ዕቃውን አንድ በአንድ ተሸክማ በዝናብ ወደ መኝታ ቤት አስገባችው። በቀሚሷ ጠርጋ፣ ዘይት ቀብታ፣ አልጋችን ላይ ደረደረችው። ትልቁን መጋዝ ግን መሃሉን በእርጥብ እጇ ይዛ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አስደገፈችውና ረሳችው። በአራተኛው ቀን ስመለስ በአንዱ ወገን አራት ጣት፣ በሌላው ወገን አውራ ጣት፣ ቁልጭ ብሎ ዝጎ አገኘሁት። ወደ ውስጥ የምትታጠፈው ትንሿ ጣቷ ሳትቀር።

ጮኽኩባት። ሃያ ሦስት መሣሪያ ማዳኗን ትቼ አንዱን አየሁ። "እጄን ቆርጬ አልጥለው፣ ምን ላድርግ?" አለችኝ። ስትናገር እየሳቀች ነበር፤ ፊቴን ስታይ ተወችው። እሑድ አጸዳዋለሁ ብዬ ሰቀልኩት። ዓርብ ታመመች። የቀረውን ታውቂዋለሽ።

ያ እሑድ ለእኔ እስካሁን አልደረሰም። አራት ዓመት በመጋዙ አልሠራሁበትም፤ ሌላ ገዛሁ። ሰፈሩ "ሽማግሌው በሁለት እጁ ሊቆርጥ ነው" ብሎ ሳቀብኝ፤ ይሳቅ አልኩ። በየወሩ በዶሮ ላባ ጫፍ ዘይት አስነካው ነበር፤ ዝገቱ እንዳይስፋፋ፣ እንዳይጠፋም። ዕድሜውን ሙሉ ዝገት ሲያሳድድ የኖረ ሰው በስተርጅናው አንድ ዝገት ሲያሳድግ ኖረ። የጠረግሽው እሱን ነው።

አልነገርከኝም ትዪ ይሆናል። ሣጥኑ የእኔ ነው፤ ለሣጥኔ ለማንም ምክንያት አላቀርብም። ባታውቂም በድለሽኛል።

አንድ ስሕተት ግን አግኝቼብሻለሁ። ስኳድራው፣ ያ ማዕዘን የምለካበት ብረት። ልብስ ሰፊዋ እንደምትለው ዕቃውን ስትመልሺ የሚወስድሽ መኪና ደጅ ላይ ጡሩምባ ይነፋ ነበር። ስኳድራውን ፈግፍገሽ ዘይት ሳታስነኪው፣ ያውም በላብ እጅሽ ብረቱን ይዘሽ፣ ሣጥኑ ግርጌ ወርውረሽው ሮጠሻል። ዛሬ ጠዋት አወጣሁት። አራት ጣት ወጥቶበታል፤ ቡናማ። ትንሿ ወደ ውስጥ ትታጠፋለች።

ልጅ ሳለሽ ብረት በጨርቅ እንጂ አላስይዝሽም ነበር። እጅሽ የማን እጅ እንደሆነ ሳላውቅ አርጅቻለሁ። ስኳድራውን ይዤ ከትናንቱ ይልቅ ብዙ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ተነሥቼ ብርጭቆ ወረቀቱን አወጣሁ። የላምባውንም ክዳን ከፈትኩ። መልሼ ገጠምኩት።

ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄጄ የዶሮ ላባ እንዳላት ጠየቅኋት።

"ለምን ይሆንዎታል?" አለች።

"ሥራ አለኝ" አልኳት።

"ሐኪሙ ሥራ ከልክሎዎት የለም እንዴ?"

"እሱ የከለከለኝ እንጨት ነው" አልኳት።

የታናሿን ደረት ማታ ማታ በሞቀ ጨርቅ ሸፍኚላት። አንቺም ሰው ስታስታምሚ ራስሽን አትርሺ፤ ይህ ከእናትሽ የወረስሽው ሁለተኛው ነገር ነው። ልጆችሽ ለወግ ለማዕረግ ይብቁ። ደጃፍሽን ክፉ አይርገጠው። እጅሽ ይባረክ።

ስለ መጋዙ የምለው ይኸው ነው። ስትጽፊልኝ አታንሺው፤ ስትመጪም አትጠይቂኝ። ይቅርታ ልትጠይቂኝ ብትፈልጊም አልሰማም። ከዚህ በኋላ ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል ከአፌ አትወጣም።

አባትሽ