ከሰልፉ በፊት ለእትዬ መንገር

ሐሙስ

እትዬን ዋሸኋት። ገና በሩን ከፍታ «በደህና ነው በሥራ ቀን የመጣሽው?» ስትለኝ «ስብሰባ አለብኝ» አልኳት። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ከግላስጎው እስከ ለንደን ባቡር ውስጥ የተለማመድኩት ንግግር ደረጃው ላይ ቀረ።

የመጣሁበትን ልጻፍ። ቅዳሜ ፕራይድ ነው፣ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ዓመታዊ ሰልፍ። ዘንድሮ ከጓደኛዬ ከቢኒያምና ከሌሎች አምስት ሐበሾች ጋር የራሳችንን መፈክር ይዘን እንወጣለን። ለንደን ውስጥ ደግሞ ስልኩን ደግኖ የማይዞር ሰው የለም። የአክስቴ የእትዬ ማኅበርተኞች ሰልፍ አይሄዱም፣ ልጆቻቸው ግን ይሄዳሉ። አንዷ ፎቶዬን አይታ ብትነግራት አልችለውም። በአሥራ አንድ ዓመቴ ከአዲስ አበባ ተቀብላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ቢሮ እየጠረገች ነው ያስተማረችኝ። ስለዚህ ከቅዳሜ በፊት ከእኔ መስማት አለባት።

እስካሁን ግን የምትነግረኝ እሷ ናት። ጉልበቷን፣ የተበላሸውን ሊፍት፣ ጾም ስለሆነ ቤት ውስጥ እንቁላል እንደሌለ። ቅዳሜ ደግሞ ፊንስበሪ ፓርክ ወዳጇ ቤት ምሳ ተጠርተናል። የወዳጇ ልጅ መሐንዲስ ነው። «ዝም ብለሽ እይው ብቻ» አለችኝ። ቅዳሜ አልችልም ስላት «ቅዳሜ ደግሞ የምን ስብሰባ ነው?» አለች። ተነስቼ ሽንት ቤት ገባሁ።

ዓርብ

ጠዋት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። መጀመሪያ ስልክ ተደወለላት። ቀጥሎ ውዳሴ ማርያም እየደገመች ነበር። በሦስተኛው «እትዬ» ብዬ ስጀምር «ከስተሻል» አለችኝና ስለ መክሳቴ ስንነጋገር ረፈደ።

ከሰዓት ኬኒንግተን፣ ቢኒያም ቤት። ጨርቁ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፣ ቀለሙ ተከፍቷል፣ ሥራ የለም። ሐበሻ ሰባት ሆኖ ሲሰበሰብ ስምንት ሊቀመንበር ነው ያለው። የተጨቃጨቅንባቸው፦

በአማርኛ ብቻ ይጻፍ ወይስ በትግርኛና በኦሮምኛም? (በሦስቱም ተባለ። ጨርቁ አልበቃም፤ የቢኒያም አንሶላ ተቀጠለ።)

ባንዲራ ይያዝ? ከተያዘ የትኛው? (አንድ ሰዓት ፈጀ። አልተያዘም።)

ፊት ይሸፈን?

በዚህ በመጨረሻው ማንም አልቀለደም። አራቱ መነጽርና ኮፍያ ያደርጋሉ፤ ቤተሰቦቻቸው አያውቁም። እኔ ለእትዬ ከነገርኳት አልሸፈንም አልኩ። ካልነገርሻትስ ሲሉኝ ብሩሹን አነሳሁ።

አብራኝ የምትኖረው ሩት ከግላስጎው ደወለች። ሆስፒታል ተረኛ ባትሆን አብራኝ ትመጣ ነበር። «ለራስሽ ብለሽ ንገሪያት እንጂ ለሰልፉ ብለሽ አይሁን» አለችኝ። ለሷ ቀላል ነው። አይ፣ ለሷም ቀላል አይደለም። ተናድጄ ነው እንዲህ የምጽፈው።

መላ ያመጣው ቢኒያም ነው። «እንዲህ ያለ ነገር ብቻሽን አይሆንም፣ ሽማግሌ ይዘሽ ግቢ» አለኝ። አጎቱ ጋሽ ወርቁ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ከእትዬ ጋር ስደተኛ ሆነው ከመጡበት ጊዜ ጀምሮ ይተዋወቃሉ። የቢኒያምን ነገር ሲሰሙ ሁለት ዓመት አኩርፈውት ነበር፣ አሁን ታርቀዋል። ደወልንላቸው። «በማለዳ ይሁን፣ ከቤት ሳትወጣ» አሉ። ደስ አለኝ።

ቅዳሜ

ሰልፉ የሚነሳበት መንገድ ዳር ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ሁለት ሰዓት ሙሉ «አሁን ትነሳላችሁ» እየተባልን ነው።

ማለዳ በሩን ከፈትኩላቸው። ጋሽ ወርቁ ጥቁር ሱፍ ለብሰዋል። ሚስታቸውንም ይዘው መጥተዋል። ቢኒያም ከኋላ አንገቱን ደፍቷል። ማንም አልተቀመጠም። እኔ እንቅልፍ ስላልነበረኝ ዓይኔ ቀልቷል። እትዬ ነጠላዋን እያስተካከለች ከመኝታ ቤት ወጣች፣ አንድ በአንድ አየችን።

እኛ ዘንድ ሰው በማለዳ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ቤት የሚገባው ለምንድን ነው? ለመርዶ ነው። ከመከርነው ከሦስታችን አንዳችንም ይህን አላሰብንም።

«እህቴን!» ብላ ደረቷን መታች። እህቷ እናቴ ናት፣ አዲስ አበባ ያለችው። «እህቴን፣ ሳላያት!»

«እትዬ፣ ማንም አልሞተም» እላለሁ፣ ማን ይስማኝ። የጋሽ ወርቁ ሚስት ለምን እንደመጡ ባላቸው አልነገሯቸውም ኖሯል፣ አብረው አለቀሱ። ታች ያለችው ፖርቱጋላዊት ጎረቤት በፒጃማ ሮጣ መጥታ እትዬን አቅፋ በራሷ ቋንቋ ማልቀስ ጀመረች። ይህ ሁሉ ሳያንስ ጋሽ ወርቁ፣ አፋቸው ለምዶበት፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሏት። ላንቃቸው ምንም አልቀረኝም።

አዲስ አበባ ደወልኩ። እናቴ በስንት ጥሪ አነሳች፣ ስልኩን እትዬ ጆሮ ላይ ለጠፍኩት። «ምን ሆናችሁ ነው የምትጮኹት? ሽንኩርት እየገዛሁ ነው» ስትል ሁላችንም ሰማን።

እትዬ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። «ታዲያ ምን ልትሉኝ ነው ተሰብስባችሁ የመጣችሁት?»

ጋሽ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስለ ዘመኑ መለወጥ፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ በሰው አገር ጀመሩ። ትዕግሥቴ አለቀ።

«እትዬ፣ እኔ ሴት ነው የምወደው። ለገና ይዣት የመጣሁት ሩት ጓደኛዬ ብቻ አይደለችም፣ አራት ዓመት አብረን ኖረናል። ዛሬ ሰልፍ እወጣለሁ። ከሌላ ሰው እንዳትሰሚ ብዬ ነው።»

ጎረቤቲቱ አማርኛ ስለማትሰማ የእትዬን ጀርባ ማሻሸቷን ቀጠለች። እትዬ የጎረቤቲቱን እጅ ከጀርባዋ አነሳች። «ለዚህ ነው እህቴን የገደላችሁብኝ?» አለች። ተነስታ መኝታ ቤቷ ገባች። በሩን እንኳን አላጋጨችውም፣ ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ከሁሉ የባሰብኝ እሱ ነው።

አመሻሽ፣ ቢኒያም ቤት። መነጽር አላደረግሁም። ንፋስ በመጣ ቁጥር ጨርቁ እየታጠፈ ሦስቱንም ቋንቋ የሚያነብልን አልተገኘም። ሰው ያጨበጭባል፣ እኔ ስልኬን አያለሁ። አንዲት ሐበሻ ልጅ ከዳር ቆማ ስታለቅስ አየሁ፣ እጄን አወዛወዝኩላት፣ ያን ጊዜ ብቻ ነው ስልኬን የረሳሁት። እትዬ አልደወለችም።

እሑድ

ቦርሳዬን ልወስድ ስቶክዌል እትዬ ቤት ሄድኩ። ቁልፍ አለኝ፣ ግን ደወሉን ተጫንኩ። ከቤተ ክርስቲያን መመለሷ ነበር። «ግቢ» አለችኝ። አልሳመችኝም።

«ትናንት እህቴ አለመሞቷን ሳውቅ የቀረው ሁሉ ቀሎኝ ነበር» አለች። «ዛሬ ከበደኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አልገባኝም፣ አልወደድኩትምም።»

«እሺ እትዬ።»

«እሺ አትበይኝ። ደግሞ ሁለተኛ ሽማግሌ እንዳታመጪብኝ። እኔ ባዳ ነኝ? አንቺስ አፍ የለሽም?»

እውነቷን ነው። ቦርሳዬን አነሳሁ።

«ፊትሽን ሸፍነሽ ነበር?»

«አልሸፈንኩም።»

«አይቻለሁ» አለች። «ከቅዳሴ ስንወጣ አንዷ ማኅበርተኛዬ ጥግ ይዛኝ ሄደች። ልጇ የላከላትን ፎቶ እያሳየች ‹ይህቺ ያንቺ ልጅ አይደለችም ወይ?› አለችኝ። ከንፈሯን ልትመጥልኝ ተዘጋጅታ።»

«ምን አልሻት?»

«‹አዎ ልጄ ናት። አውቃለሁ፣ ነግራኛለች› አልኳት። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ሄደች።» ነጠላዋን አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አደረገች። «ባላውቅ ኖሮ እዚያው እወድቅ ነበር።»

ላቅፋት ጠጋ ስል በእጇ ከለከለችኝ። «ቆይ፣ ጊዜ ስጪኝ» አለች። ሰጠኋት።

ባቡር ውስጥ ነኝ። ሩት እንዴት ሆነ ብላ ሦስት ጊዜ ጽፋልኛለች። እትዬ ደረጃው ድረስ ሸኝታኝ ነበር። «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። አገር ቤት ስሄድ እኔ እነግራታለሁ» አለችኝ። መቼ እንደምትሄድ አልጠየቅኋትም።