ስድስት ጣቱ ሽማግሌ

ይድረስ ለናፈቅንህ ወንድም ጋሼ፤ እንዴት ሰነበትክ? እኛ ተመስገን ደህና ነን።

ጉድ ልንገርህ! አባባ በወጣትነቱ ለዚያ ምግብ ቤት የሳለውን፣ በስህተት ስድስት ጣት ያወጣለትን ሽማግሌ፣ የምግብ ቤቱ ባለቤቶች "ዘመናዊ እንሁን" ብለው ከየቅርንጫፉ ታፔላ ላይ አነሱት። ሰው ግልብጥ ብሎ ወጥቶ "ስድስት ጣቱን መልሱልን!" አለ። በሦስተኛው ቀን መለሱት። የተሸፈነበት ጨርቅ ሲገለጥ ያ ሁሉ ሕዝብ እልልታውን አቀለጠው። የታፔላ ሥዕል እንዲህ ይወደዳል እንዴ?

አባባም አንጋጦ ሲያይ ቆየና፣ "ጣቱን አብዝቶታል፤ እጁ ግን ይባረክ! ማነው የሳለው?" አለ። ጎረቤቶቻችን ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በል ሰላም ያክርምህ። ለአባባ ፎቶህን ስትልክለት ከጀርባው ስምህን በትልቁ ጻፍበት።

እህትህ